በወደቀ ግንድ ምሳር ከመብዛቱ በፊት

በጣና ሐይቅ ዳር ባሉ ቀበሌዎችና በባሕር ዳር ከተማ ነባር ሰፈሮች ብዙ ግቢዎች የሚጋሩት አንድ ነገር አለ። አያት የተከሉት፣ ዛሬ ከቤቱ ጣሪያ በላይ የገዘፈ ማንጎ፣ ዋንዛ ወይም ሾላ። ዕድርተኛው በጥላው ሥር ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፤ ልጆች ፍሬውን ይለቅማሉ። ክረምት በቀረበ ቁጥር ግን ይኸው ዛፍ ሥጋት ይሆናል። ነፋስ በተነሣበት ሌሊት ከጣሪያው በላይ የሚንቋቋው ቅርንጫፍ ልጆች የተኙበት ክፍል ላይ ይወድቅ ይሆን?

ለአብነት ያህል ግንዱ የተቦረቦረ ማንጎ በግቢያቸው ያለ አንዲት እናት ማሰብ ይቻላል። ልጃቸው «እማዬ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይቆረጥ፤ አንድ ቀን በላያችን ላይ ይወድቃል» ይላል። እሳቸው ደግሞ «አባትህ የተከለው ነው፤ ስንት ዓመት አበላን!» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። የልጁ ሥጋት የእናትየውም ፍቅር ግን ስለ ዛፉ ጤንነት የሚናገረው የለም። ያንን የሚናገረው ዛፉ ራሱ ነው፤ የሚመረምረው ካገኘ።

በተግባር በስፋት የሚታዩት ሁለት ስሕተቶች ናቸው። አንደኛው ያረጀን ዛፍ እስኪወድቅ ዝም ብሎ ማየት ነው። ሁለተኛው ገና ምልክት ሲታይ ከሥሩ መቁረጥ ወይም አናቱን በሙሉ መከርከም ነው። በሁለቱ መካከል ግን መርምሮ፣ ገርዞ፣ ሥሩን ጠብቆና ተተኪ ተክሎ ዕድሜውን ማራዘም ይቻላል።

ሐይቅ ዳር ያለ ዛፍ ለምን ይለያል?

በሐይቅ ዳርቻ የከርሰ ምድር ውኃ ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ነው። ሥር አየር ስለሚፈልግ ውኃ ወደጠገበው አፈር ጠልቆ አይገባም፤ ወደ ጎን ይዘረጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም አፈሩ ሲርስ ሥሩን የሚይዝበት ጉልበት ይቀንሳል። ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስም የሚያቆመው ኮረብታ ሳይኖር ዳርቻው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ቅጠሉ የለመለመ ዛፍ እንኳ ከነሥሩ ሊገለበጥ ይችላል።

በአንጻሩ እነዚህ ዛፎች የዳርቻውን አፈር በሥራቸው ይይዛሉ፤ ለወፎችም መኖሪያና ምግብ ናቸው። ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ከተመዘገበ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ የአካባቢው ዕፅዋት ጉዳይ ከግቢ አጥር ያለፈ ሆኗል። የዘጌ ሰዎች ቡናቸውን በነባር ዛፎች ጥላ ሥር እያለሙ ደናቸውን ለዘመናት ማቆየታቸውም ዛፍና ኑሮ አብረው መሄድ እንደሚችሉ የሚያሳይ የቅርብ ምስክር ነው።

ምርመራው ከሥር ይጀምራል

ምርመራው በበጋው መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳይገባ ቢደረግ ይመረጣል። መጀመሪያ የሚታየው ግንዱ ከመሬት የሚገናኝበት ቦታ ነው። በዚያ የበቀለ እንጉዳይ፣ የላላ ቅርፊት ወይም የምስጥ መንገድ ካለ ውስጡ እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል። ዛፉ በቅርቡ ማዘንበል ከጀመረና ካዘነበለበት በተቃራኒው በኩል አፈሩ ከተሰነጠቀ ወይም ከተነሣ ለነገ የማይባል አደጋ ነው። ለዓመታት ጎብጦ የኖረ ዛፍ ግን ጎባጣ ስለሆነ ብቻ አይወድቅም።

ቀጥሎ ግንዱ በእንጨት መዶሻ ይመታል። ጤነኛው ክፍል ድፍን ድምፅ ሲሰጥ ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ግንዱ መቦርቦሩ ብቻውን የሞት ፍርድ አይደለም፤ ዛፍ የሚኖረው በውጨኛው እንጨቱ ነው። በጥቅሉ የጤነኛው እንጨት ውፍረት ከግንዱ መሐል እስከ ዳር ካለው ርቀት ሲሶ ያህል መሆን አለበት። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግንድ ዙሪያውን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጤነኛ እንጨት ከቀረው ሊቆይ ይችላል ማለት ነው። ክፍተቱ በአንድ ጎን ሰፊ በር ከከፈተ ግን ጥንካሬው ከዚህ ያንሳል። ክፍተቱን በሲሚንቶ መሙላት አይጠቅምም፤ ውኃ ይዞ መበስበሱን ያፋጥናል።

ግርዘት በልክ

አናቱ በሙሉ የተከረከመ ዛፍ ለጊዜው ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን ቁስሉ ሰፊ ስለሆነ ይበሰብሳል፤ ከዳሩ የሚያቆጠቁጡት አዳዲስ ቅርንጫፎችም በላይ በላዩ የተጣበቁ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲከብዱ ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ በቀላሉ ይገነጠላሉ።

መገረዝ ያለባቸው በቅድሚያ የደረቁ፣ የተሰነጠቁና እርስ በርስ የሚፋተጉ ቅርንጫፎች ናቸው። ባረጀ ዛፍ ላይ በአንድ ዓመት ከአራት አንድ እጅ የሚበልጥ ቅጠል አይነሣም፤ ከዚያም ቢያንስ ይመረጣል። ከባድ ቅርንጫፍ በሦስት ደረጃ ይቆረጣል።

አንደኛ፣ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተርቆ ከታች በኩል እስከ ሲሶው ድረስ በመጋዝ ይገባል። ሁለተኛ፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጣል፤ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ቅርፊት ልጦ አይሄድም። ሦስተኛ፣ የቀረው ጉማጅ በቅርንጫፉና በግንዱ መገናኛ ላይ ካለው ያበጠ አንገት ወጣ ተብሎ ይነሣል። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው ከዚህ አንገት ስለሆነ አንገቱ መነካት የለበትም። ቁስሉን ቀለም መቀባትም አያስፈልግም።

ዘንባባ ከዚህ ይለያል። የሚያድገው በአንድ አናት ብቻ ስለሆነ አናቱ የተቆረጠ ግንድ መልሶ አያቆጠቁጥም። የሚነሡለት የደረቁ ቅጠሎቹ ብቻ ናቸው። የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ደግሞ ለባለሙያ እንጂ ለግቢው ባለቤት ሥራ አይደለም።

ሥሩን የሚገድለው የሰው እጅ ነው

አብዛኛው ቀላቢ ሥር የሚገኘው ከ60 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ሲሆን ከቅርንጫፎቹ ዳርቻም አልፎ ይዘረጋል። ለአጥር መሠረት ወይም ለውኃ ቱቦ ግንዱ ሥር የሚቆፈር ቦይ ዛፉን በአንድ ወገን ያለ መልሕቅ ያስቀረዋል። በግንዱ ዙሪያ አፈር መከመር፣ ኮንክሪት ማፍሰስና ከብት ማሰር ሥሩን አየር ያሳጡታል። ጉዳቱ ግን ከዓመታት በኋላ ሊታይ ስለሚችል ምክንያቱ ይረሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከቅርንጫፎቹ ሥር ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የቅጠልና የገለባ ጉዝጓዝ ይነጠፋል፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ ይደረጋል። በበጋ ውኃ የሚጠጣው ግንዱ ላይ ሳይሆን ጥላው በሚያርፍበት ዙሪያ ነው። በየቀኑ ከመርጨት አልፎ አልፎ አጥግቦ ማጠጣት ይሻላል።

ያረጀ ማንጎ ሌላ ዕድል አለው

ማንጎ በደኅና ከተያዘ ከመቶ ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ግንዱ ጤነኛ ሆኖ ምርቱ ብቻ ከቀነሰ ከመሬት ከ1 እስከ 1 ነጥብ 5 ሜትር ከፍታ ላይ ተቆርጦ፣ ከአዲሱ ቁጥቋጦ ጥቂት ብርቱዎች ተመርጠው በተሻሻለ ዝርያ ሊዳቀሉ ይችላሉ። ይህ በየዓመቱ ክትትል ስለሚደረግለት ካለ ዕቅድ አናት ከመከርከም የተለየ ሥራ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ዛፉን እንዲመግብ ይተዋል፤ ለፀሐይ የተጋለጠው ግንድም ኖራ ይቀባል። ግንዱ የተቦረቦረ ዛፍ ግን ለዚህ አይመከርም።

ጥቅጥቅ ያለ አሮጌ ማንጎ ለነጭ የማንጎ ስኬል ተባይም መደበቂያ ነው። በአገራችን በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ መታየቱ የተመዘገበው ይህ ተባይ ቅጠሉን ያገረጣል፤ ፍሬው ላይም ቀይ ነጠብጣብ ይተዋል። ፍሬው ተለቅሞ እንዳለቀ ውስጡን አየር እንዲያገኝ ገርዞ የተጠቃውን ቅጠል ማቃጠል ወይም መቅበር ይረዳል።

ከወረዳ እስከ ግቢ

በየክረምቱ የሚተከለው ችግኝ ይቆጠራል። የቆሙት ነባር ዛፎችም መቆጠር ይገባቸዋል፤ ዛሬ የተተከለ ችግኝ የወደቀውን ዋንዛ ጥላ ለመተካት በርካታ ዓመታት ይፈልጋልና። ቀበሌዎች ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ገበያና መንገድ ዳር ያሉ አሮጌ ዛፎችን ቢመዘግቡ፣ የግብርና ባለሙያዎችም ክረምት ሳይገባ ዞረው ቢመለከቷቸው አደጋም ምሳርም ይቀንሳል። የመንገድና የውኃ መስመር ቁፋሮ ሲታቀድም ባለሙያው ቀድሞ ቢጠየቅ ሥር አይጎዳም።

መቆረጥ ያለበት ዛፍም አለ። ሥሩ የተነሣ፣ ግንዱ የሳሳና ወደ ቤት ያዘነበለ ከሆነ ከአንድ ሰው ሕይወት አይበልጥም፤ ቀበሌው ታውቆ በባለሙያ ይወገድ። ተተኪው ግን ያኔ ሳይሆን ዓመታት ቀድሞ፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ መተከል አለበት። ለእርጥብ ዳርቻ ዶቅማ፣ ለግቢ ዋንዛና የተዳቀለ ማንጎ ይስማማሉ።

የእናትና ልጁም ክርክር መፍትሔ ያገኛል። ግንዱ ሲመታ ጤነኛው እንጨት በቂ ከሆነ፣ ጣሪያው ላይ የተጋደመው ቅርንጫፍ ተነሥቶ ዛፉ ይቆያል፤ አጥሩ ጥግም የተዳቀለ ማንጎ ይተከላል። በቂ ካልሆነ ዛፉ ይቆረጣል፤ ያኔ ግን ልጁ በፍርሃት፣ እናትየውም በጸጸት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጊዜው ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት ነው።