መኪና ኩርባ ላይ ሲያጋድል፡ ወፍራም ስታቢላይዘር ባር መፍትሔ ነው?

በኡጋንዳ መዲና ካምፓላ እምብርት የሚገኘው ኪሰንዪ ከሶማሊያ፣ ከኢትዮጵያ እና ከኤርትራ የመጡ ስደተኞች የሚኖሩበት፣ ግርግሩ የማይበርድ የንግድ ሰፈር ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ በመኪና መለዋወጫ የሚታወቀው የኪሴካ ገበያ አለ። በካምፓላ ጎዳናዎች ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ መኪኖች ከጃፓን ያገለገሉ ሆነው የገቡ ናቸው፤ ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥርም ወደ መለዋወጫ ሱቆች የሚያደርጉት ምልልስ ይጨምራል።

መኪናው መታጠፊያ ላይ እያጋደለ ያስቸገረው አሽከርካሪ ከሚቀርቡለት አማራጮች አንዱ ከፋብሪካው ከተገጠመው የወፈረ ስታቢላይዘር ባር ነው። ዕቃው በትክክል ከተመረጠ የመኪናውን አያያዝ ያሻሽላል። ያለ ቦታው ከገባ ግን በዝናባማ ቀን መኪናውን ከመንገድ ሊያስወጣ ይችላል።

ሥራው ምንድን ነው?

ስታቢላይዘር ባር ለሞላ ከሚውል ጠንካራ ብረት የሚሠራ፣ ጫፎቹ የታጠፉ ዘንግ ነው። መሐሉ በሁለት ጎሚኒዎች አማካኝነት ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ደግሞ ሊንክ በሚባሉ አጫጭር ማያያዣዎች ከግራና ከቀኝ ጎማዎች ክንድ ጋር ይገናኛሉ። ለዚህ ዓይነት ዘንግ የመጀመሪያውን የባለቤትነት መብት እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1919 ያገኘው ካናዳዊው ስቴፈን ኮልማን ነው።

ሁለቱም ጎማዎች እኩል ሲነሱ፣ ለምሳሌ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲያልፉ፣ ዘንጉ ጎሚኒው ውስጥ ከመዞር ያለፈ ሥራ የለውም። አንዱ ጎማ ብቻ ሲነሳ ወይም መኪናው ሲያጋድል ግን ይጠመዘዛል፤ ጥምዘዛውን በመቋቋምም ማጋደሉን ይቀንሳል።

ይሁንና ዘንጉ ማጋደልን ይቀንሳል እንጂ ጎማው መንገዱን የሚቆነጥጥበትን አቅም አይጨምርም። እንዲያውም በተገጠመበት በኩል ከውስጠኛው ጎማ ላይ ጫና ወስዶ ወደ ውጪኛው ስለሚያዛውር፣ የዚያ በኩል ጎማዎች በጥቅሉ የመቆንጠጥ አቅማቸው ይቀንሳል።

ስለዚህ የፊቱ ዘንግ ብቻ ሲወፍር መኪናው መሪው ቢጠመዘዝም ወደ ኩርባው ውጪ መግፋት ይቀናዋል። የኋላው ከልክ በላይ ሲጠነክር ደግሞ ጅራቱ ይወጣል። አሽከርካሪው ኩርባ መሐል ደንግጦ ነዳጅ ሲለቅ መኪናው የሚሽከረከረው በአብዛኛው በዚህ ሁኔታ ነው፤ በእርጥብ አስፋልት ወይም በቀይ አፈር መንገድ ላይ አደጋው ይጎላል።

የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት

የዘንጉ ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ልክ ነው። በሌላው ሁሉ ተመሳሳይ ሆኖ 20 ሚሊ ሜትር የነበረው ዘንግ በ22 ሚሊ ሜትር ቢተካ ጥንካሬው 46 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 24 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከእጥፍ ይበልጣል። በዓይን እምብዛም የማይለይ ልዩነት የመኪናውን ጠባይ ይቀይራል ማለት ነው።

ውስጡ ክፍት የሆነ ዘንግም አለ። ውጫዊ ውፍረቱ 25፣ የግድግዳው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ ድፍን ከሆነው አቻው ክብደት 42 በመቶውን ብቻ ይዞ የጥንካሬውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሰጣል። አንዳንዶቹ ዘንጎች ደግሞ ጫፋቸው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ አላቸው። ሊንኩ ወደ መሐል በቀረበው ቀዳዳ ሲታሰር ክንዱ ስለሚያጥር ዘንጉ ይጠነክራል፤ በጫፉ ሲታሰር ይለሰልሳል። ልምድ ለሌለው ገዢ ለስላሳውን ቀዳዳ መምረጥ የተሻለ መነሻ ነው።

መንገዱም ይጠየቃል

በሚያዝያ 2023 የካምፓላ ነዋሪዎች የተቦረቦሩ ጎዳናዎቻቸውን ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ በማጋራት "የጉድጓድ ኤግዚቢሽን" የተባለ ዘመቻ አካሂደው ነበር። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ በጣም የጠነከረ ዘንግ ጉዳቱ ያመዝናል። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ንዝረቱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ጎማ ከመሬት የሚነሳበት አጋጣሚም ይበዛል።

ቶዮታ በአንዳንድ የላንድክሩዘር እና የፕራዶ ሞዴሎቹ ላይ በዘይት ግፊት የሚሠራ ሥርዓት የገጠመው ይህንኑ ችግር ለመፍታት ነው። ሥርዓቱ ዘንጉ በአስፋልት ላይ እንዲጠነክር፣ በወጣ ገባ መሬት ላይ ግን እንዲላላ ያደርጋል።

መጀመሪያ የሚታየው

ወፍራም ዘንግ ከመግዛት በፊት የነበረው በትክክል እየሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያረጀ ጎሚኒ ወይም የላላ ሊንክ ዘንጉ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የተወሰነ ክፍተት እንዲፈጠር ያደርጋል። በዝግታ ሲነዳ ከጎማ አካባቢ የሚሰማ የ"ኳ ኳ" ድምፅ አንዱ ምልክቱ ነው። ጎሚኒውንና ሊንኩን በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ መቀየር ከአዲስ ዘንግ በጣም ባነሰ ወጪ መኪናውን ወደ ቀድሞ አያያዙ ሊመልሰው ይችላል። የጎማ ነፋስ መጠንና የአሞርዛተር ጤንነትም አብረው ይታያሉ።

ያገለገለ ዘንግ የሚገዛ ሰው ለዚያው ሞዴልና የሥሪት ዓመት የተሠራ መሆኑን፣ ስንጥቅና የዛገ ጉድጓድ እንደሌለው መመልከት አለበት። ተቆርጦ የተበየደ ዘንግ ግን በርካሽም ቢሆን አይገዛም። የብየዳው ሙቀት ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ስለሚያበላሽ፣ በተደጋጋሚ ሲጠመዘዝ እዚያው ቦታ ላይ ሊሰበር ይችላል።

ጉዳዩ ከካምፓላ ባሻገር

ኡጋንዳ በ2018 ከተሠሩ 15 ዓመት የሞላቸው መኪኖች እንዳይገቡ አግዳለች። ኢትዮጵያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏን በ2024 መጀመሪያ አስታውቃለች። በመንገድ ላይ ያሉት ቪትዞች፣ ኮሮላዎችና ሚኒባሶች ግን ገና ለዓመታት በጥገና ይቆያሉ።

በተለይ ለታክሲ ሚኒባሶች ጉዳዩ ከምቾት ያለፈ ነው። ወፍራም ዘንግ የተሽከርካሪውን ማጋደል ይቀንሳል እንጂ ጣሪያ ላይ የተቆለለውን ሻንጣ ወይም ከልክ በላይ የተጫነውን ተሳፋሪ ክብደት አያወርድም። መኪናው ስላላጋደለ ብቻ ፍጥነቱ ልኩ ላይ ያለ የሚመስለው አሽከርካሪ፣ ቀድሞ ይደርሰው የነበረውን ማስጠንቀቂያ ያጣል። ጎማው መንገዱን የሚለቅበት ፍጥነት ግን ያው የቀድሞው ሊሆን ይችላል።