ማይኩ ክፍት ሲሆን ስለ ሞት ቅጣት የሚወራው

ጌም የሚጫወቱ ልጆች ማይክ ከፍተው ስለ ጌሙ የሚያወሩት ጥቂቱን ጊዜ ነው። ፐብጂ ላይ አራት ሰው ከአውሮፕላን ዘሎ፣ ቤት ለቤት ዞሮ መሣሪያና ፋሻ ለቅሞ፣ ጠላት እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ባዶ ደቂቃ አለ። ያ ደቂቃ በወሬ ይሞላል። አል ኢቲሃድ ስንት አገባ፣ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ማደሻ ስንት ገባ፣ የማን ካፊል (አሠሪ) አስቸገረ፣ ማን ጂም ጀመረ፣ አርሰናል ዘንድሮስ ዋንጫ ይበላል ወይ። ከዚያ አንዱ ድንገት «ሰምታችኋል? እገሌ ተፈረደበት» ይላል። ጨዋታው ሳይቆም ወሬው ሞት ቅጣት ላይ ይደርሳል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ወሬ ነው። ቦታው ጀርወል ይሁን። ጀርወል መካ ውስጥ ከሐረም ብዙ የማይርቅ፣ የጡዋ ጉድጓድ የሚገኝበት አሮጌ ሰፈር ነው። መካ ለሙስሊም ብቻ የተፈቀደች ከተማ ስለሆነች እዚያ ያለው ሐበሻ ሙስሊም ነው። ጅዳ ግን ሌላ ናት፤ ከወሎም፣ ከትግራይም፣ ከጅማም፣ ከአዲስ አበባም የመጣው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይገኝባታል። ማይኩ ሁሉንም አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ሳውዲና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ ስለዚህ ደሴ ያለው ታናሽ ወንድም ጀርወል ካለው ታላቁ ጋር እኩል ያመሻል፣ እኩል ይነቃል። ብዙ ሌላ አገር ያለ ዘመድ ይህን አያገኝም።

ጌም በራሱ ሳውዲ ውስጥ የተናቀ ነገር መሆኑ ቀርቷል። (እዚህ የማነሣቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2001 የሳውዲ የሃይማኖት ሊቃውንት ፖኬሞንን በፈትዋ ከልክለው ነበር። በ2025 ደግሞ የመንግሥቱ የኢንቨስትመንት ፈንድ ንብረት የሆነው የጌም ኩባንያ፣ በቅርንጫፉ በስኮፕሊ በኩል፣ ፖኬሞን ጎን የሚያንቀሳቅሰውን የጌም ክፍል በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ሪያድ በ2024 የኢስፖርትስ የዓለም ዋንጫ ማዘጋጀት ጀምራለች፤ የመጀመሪያው ዓመት ሽልማት በጠቅላላው ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በኢንተርኔት በድምፅ መደዋወልም ቢሆን እስከ መስከረም 2017 በአብዛኛው የተዘጋ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ወሬውን ወደ ኢሞ፣ ወደ ቲክቶክ ላይቭ፣ ድምፅ ክፍል ወዳላቸው እንደ ያላ ሉዶ ያሉ ጌሞች እንደ ልቡ ያዞረው። ሉዶ ጠጠር እየገፉ ከማያውቁት ሰው ጋር እስከ ሱብሒ ማውራት በባሕረ ሰላጤው አገሮች የተለመደ ነገር ሆኗል።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ስለ ሞት ቅጣት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ሦስት አባባሎች ናቸው። «እዚህ አገር የገደለ ይገደላል፣ አለቀ» ይላል አንዱ። ሌላው «ብር ካለ ማንም ይፈታል» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው፣ ምናልባት ከአዲስ አበባ የገባው፣ «እኛ ጋ እኮ የሞት ቅጣት የለም» ይላል። ሦስቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ግማሽ እውነት ደግሞ የታሰረ ዘመድ ላለው ሰው ከውሸት የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የሳውዲ ፍርድ ቤት የሞት ፍርድ የሚሰጥባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ቂሳስ፣ ሑዱድ እና ተዕዚር። ልዩነታቸው የሕግ ተማሪ ብቻ የሚጨነቅበት አይደለም፤ ለማን እንደሚለመን የሚወስነው እሱ ነው።

ቂሳስ ሆን ብሎ ሰው ለገደለ ነው። የደሙ ባለቤት የሟች ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ ይገደልልን ሊል፣ ዲያ ማለትም የደም ካሳ ሊቀበል፣ ወይም ያለ ምንም ክፍያ ለአላህ ብሎ ይቅር ሊል ይችላል። ለተጫዋች በተጫዋች ቋንቋ ላስረዳ። ሬይንቦው ሲክስ ሲጅ ላይ የገዛ የቡድን ጓደኛህን ብትመታ፣ ጌሙ የተመታውን ልጅ «ሆን ብሎ ነው ወይስ ተሳስቶ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሆን ብሎ ነው ካለ ከዚያ በኋላ በጓደኛ ላይ የምትተኩሰው ጥይት ወደ ራስህ ይመለሳል። ተሳስቶ ነው ካለ ጨዋታው ይቀጥላል። ውሳኔውን ዳኛው ሳይሆን የተበደለው ይሰጣል። ቂሳስም በዚህ በኩል እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚመልሱት የሟች ወራሾች መሆናቸው ነው። ከወራሾቹ አንዱ እንኳ ይቅር ካለ ቂሳሱ ይወድቃል። ከመካከላቸው ሕፃን ካለ አድጎ የራሱን ቃል እስኪሰጥ ድረስ ፍርዱ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ መሆን የለበትም። አበጋሮች የገዳይና የሟች ወገን አቀማምጠው፣ ካሳ አስቆርጠው፣ ደም የሚያደርቁት በዚሁ አስተሳሰብ ነው። በኦሮሞው ዘንድ ጉማ አለ። ዘመናዊ የወንጀል ሕግ ሥር ከመስደዱ በፊት በኢትዮጵያም ነፍሰ ገዳይ ለሟች ዘመድ ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ዘመዱም ይገድለዋል ወይም የደም ዋጋ ይቀበላል። ስለዚህ በማይክ ላይ «ይሄ የነሱ ባህል ነው» የሚል ሰው ስለ አያቶቹ ብዙ አልሰማም።

«ብር ካለ ማንም ይፈታል» የሚለው አባባል የሚነሣው ከዚህ ነው። እውነትም ብር ሕይወት ያተረፈባቸው ጊዜያት አሉ። በ2014 ኢንዶኔዥያ ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ዜጋዋ 7 ሚሊዮን ሪያል ዲያ ከፍላ ከሞት አስጥላታለች። በ2024 ደግሞ የሕንድ ኬረላ ሰዎች ከ2006 ጀምሮ ሪያድ ለታሰረ የአገራቸው ልጅ 15 ሚሊዮን ሪያል አዋጥተዋል፤ ብዙው የተሰበሰበው በስልክ ነው። የሞት ፍርዱ ተሰረዘ፣ ሰውየው ግን በዚያው ቀን ከእስር አልወጣም። ከቤተሰቡ መብት ሌላ የመንግሥት መብት የሚባል ነገር አለና በ2025 ፍርድ ቤቱ የታሰረበት ዘመን የሚታሰብለት የ20 ዓመት እስራት ወሰነበት። ይህን ክፍል ማይክ ላይ የሚያነሣው የለም። ቤተሰቡ የሚጠይቀው ገንዘብም ጣሪያ የለውም። በ2011 የተተመነው የዲያ መጠን ሆን ተብሎ ለተገደለ ሙስሊም ወንድ 400 ሺህ፣ ሳይታሰብ ለሞተ 300 ሺህ ሪያል ነው፤ ቂሳስን ለማስቀረት በድርድር የሚጠየቀው ግን ከላይ እንዳያችሁት በሚሊዮን የሚቆጠር ነው።

ደግሞ ሁሉም ግድያ ቂሳስ ውስጥ አይገባም። ሟቹ ሳይጠረጥር፣ ገዳዩን አምኖ ሳለ በተንኮል ከተገደለ ዳኛው ጉዳዩን ወደ ሑዱድ፣ ማለትም ቅጣቱ በሃይማኖቱ ሕግ አስቀድሞ ወደ ተወሰነበት መንገድ፣ ሊያዞረው ይችላል። ያን ጊዜ የቤተሰቡ ይቅርታ ዋጋ የለውም። አሠሪና ሠራተኛ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖሩበት አገር ይህ ነጥብ ቀላል አይደለም።

ወገኖቻችንን ዛሬ ይበልጥ የሚነካው ሦስተኛው ነው፤ ተዕዚር። እዚህ ቅጣቱን የሚመዝነው ዳኛው ነው። ዕፅ ማሸጋገር የሚዳኘው በዚህ ሥር ሲሆን፣ ለዕፅ አሸጋጋሪ የሞት ቅጣት መሠረት የሆነው የሊቃውንት ምክር ቤት ውሳኔ በ1987 የወጣ ነው። በዕፅ ወንጀል ሟች የለም፤ የሟች ቤተሰብ የለም፤ ስለዚህ ዲያ የሚባል ነገርም የለም። ሽማግሌ የሚላክበት በር የለም። የሚቀረው ይግባኝ፣ ከዚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በመጨረሻም የንጉሡ ማጽደቂያ ነው።

በዕፅ ምክንያት የሚፈጸመው የሞት ቅጣት ለሦስት ዓመት ገደማ ቆሞ ከቆየ በኋላ በኅዳር 2022 እንደገና ተጀመረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2024 በሳውዲ ቢያንስ 345 ሰው መገደሉን መዝግቧል፤ 2025 ከዚያም አለፈ። የዚሁ ድርጅት ጥናት እንደሚለው ከ2014 እስከ ሰኔ 2025 በዕፅ ክስ ከተገደሉት ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎች ሦስት አራተኛው የውጭ አገር ዜጎች ናቸው። ነሐሴ 2 ቀን 2025 በአንድ ቀን ስምንት ሰው ሲገደል፣ ሦስቱ ኢትዮጵያውያን አራቱ ሶማሊያውያን ነበሩ፤ ሰባቱም የተከሰሱት በነጅራን በኩል ሐሺሽ በማስገባት ነው። ነጅራን ከጀርወል ሩቅ ናት፤ ወሬው ግን እዚያ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም። በየመን በኩል በእግር የሚገባ ልጅ ደላላው «ይችን ያዝልኝ» ያለው ሸክም ምን እንደሚያስከፍለው ብዙ ጊዜ አያውቅም። የመብት ተሟጋቾችም ከተፈረደባቸው ስደተኞች ብዙዎቹ ድህነታቸውን መጠቀሚያ ያደረጉ ሰዎች ያታለሏቸው መሆናቸውን ይናገራሉ። ማይክ ላይ «አይዟችሁ፣ እናዋጣለን» የሚለው ደግ ልጅ ለዚህ ክስ መዋጮ በር እንደማይከፍት ማወቅ አለበት። መዋጮው ለጠበቃ ከሆነ ጥሩ፤ ለዲያ ነው ብሎ የሚሰበስብ ካለ ግን ወይ አያውቅም ወይ ያታልላል።

ቅጣቱ የሚፈጸምበትን ቦታ በተመለከተ፣ ጅዳ ውስጥ የጁፋሊ መስጊድ ዛሬም የቂሳስ መስጊድ ይባላል፤ ከአርብ ሶላት በኋላ ፍርዱ አጠገቡ ይፈጸም ስለነበር ነው። አሁን ቅጣቱ በአብዛኛው ከሕዝብ ዓይን ርቆ ይፈጸማል፣ ከተፈጸመ በኋላ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በሳውዲ የዜና አገልግሎት በኩል መግለጫ ያወጣል። መግለጫው ስሙን፣ ዜግነቱን፣ ወንጀሉንና ክልሉን ይናገራል። ወሬ ሲደርሳችሁ ማጣሪያው እሱ ነው። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ቤተሰብ የልጁን ሞት የሚሰማው ከዚያው መግለጫ ነው።

አዲስ አበባ ያለው ልጅስ? «እኛ ጋ የለም» ያለው ተሳስቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የሞት ቅጣትን ይዟል። ዕድሜው 18 ያልሞላ አይቀጣበትም፤ የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር ሳያጸድቀው አይፈጸምም፤ በአደባባይም በስቅላትም አይፈጸምም። ለመጨረሻ ጊዜ የተፈጸመው በነሐሴ 2007 ሲሆን፣ የተቀጣው በ2001 የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረመድኅንን የገደለው ሻለቃ ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም በ2008 በሌሉበት ሞት ተፈርዶባቸዋል፤ በ2011 ደግሞ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23 የደርግ ባለሥልጣናትን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ቀይረዋል። ሕጉ አለ፣ ፍርዱም ይሰጣል፤ የቆመው ማስፈጸሙ ነው። በእኔ ግምት ቅጣቱን ከሕጉ አውጥቶ መገላገል ይሻል ነበር፤ ተንጠልጥሎ የሚኖር ፍርድ ለእስረኛውም ለሟች ወገንም ዕረፍት አይሰጥም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ስለ ሞት ቅጣት የሚወራበት ማይክ ራሱ የግል ጓዳ አይደለም። ፕሌይስቴሽን 5 ከ2020 ጀምሮ ተጫዋች የሌላውን ድምፅ ቆርጦ ለአቤቱታ እንዲልክ ያስችላል። ኤክስቦክስ በ2023 ተመሳሳይ ነገር አመጣ። ኮል ኦፍ ዱቲ በዚያው ዓመት ንግግርን እየሰማ ስድብና ዛቻ የሚለይ ማሽን ገጠመ። እነዚህ ለሥርዓት ሲባል የተሠሩ ናቸው፤ ስክሪኑን እየቀዳ ቲክቶክ ላይ የሚለጥፈው ጎረቤት ግን ሥርዓት የለውም። በ2007 የወጣው የሳውዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ የሕዝብን ጸጥታ፣ የሃይማኖት እሴትን ወይም ሥነ ምግባርን የሚነካ ነገር ላሰራጨ እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 3 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ያስቀምጣል። ሙሐመድ አልጋምዲ የተባለ ጡረተኛ መምህር በሐምሌ 2023 ትዊተርና ዩቲዩብ ላይ ባደረገው ነገር ሞት ተፈርዶበት ነበር፤ በ2024 ፍርዱ ተሽሮ በ30 ዓመት እስራት ተተካ። የአገሬው ዜጋ እንዲህ ከሆነበት፣ ኢቃማው ያላለቀለት ልጅ ስለ ንጉሡም ስለ ዳኛውም ማይክ ላይ ባይቀልድ ይሻለዋል። ሕጉ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት አንድ ነገር ነው፣ ፈራጁን መስደብ ሌላ።

ዘመድ የታሰረባችሁ ካላችሁ ደግሞ ከመዋጮም ከላይቭም በፊት ክሱ የትኛው እንደሆነ አጣሩ፤ ቂሳስ ነው፣ ሑዱድ ነው ወይስ ተዕዚር? ጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ሄዳችሁ የታሳሪውን ሙሉ ስም፣ የፓስፖርት ወይም የኢቃማ ቁጥርና የታሰረበትን ቦታ አስመዝግቡ። ታሳሪው ስልክ ካገኘ ሁለት ነገር ብቻ ንገሩት፦ አስተርጓሚና ጠበቃ ይጠይቅ፣ ማንበብ በማይችለው የዓረብኛ ወረቀት ላይ አይፈርም፣ ጣቱንም አያሳርፍ።