ልጁ የማን ነው?

ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸው ሲወለዱ መለዋወጣቸውን የሚያውቁበት ልብ ወለድ በሴቶች ዘንድ በብዛት ይነበባል። እዚህ ሶደርማልም ላሉ ስዊድናውያን ነገሩ አዲስ አይደለም። ከሴቶች ቀድማ የሥነ ጽሑፍ ኖቤልን ያገኘችው (እ.ኤ.አ. 1909) ሰልማ ላገርሎፍ፣ ልጇ ትሮል ከሚሉት ጭራቅ ልጅ ጋር የተለወጠባትን ባላገር ታሪክ ጽፋለች። ሴትዮዋ ባሏ ቢቆጣም ባዳውን ልጅ አልጥልም አለች። የገዛ ልጇ ሲመለስ ግን ምሥጢሩ ወጣ፦ እሷ ለባዳው ያደረገችው ሁሉ ለልጇም ይደረግለት ነበር!

ውድ አንባብያን፣ ይህ ለእኛ ተረት ብቻ አይደለም። የታወቀው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን፣ የትውልድ ስሙ ካሳሁን፣ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ከሞተች በኋላ በጉዲፈቻ ጎተንበርግ አደገ። አባቱም የሞቱ ይመስለው ነበር፤ በሕይወት መኖራቸውን ያወቀው ጎልማሳ ሆኖ ነው።

ኢትዮጵያ የውጭ ጉዲፈቻን በ2018 ከለከለች። የስዊድን መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ደግሞ በሰኔ 2025 ሐሰተኛ ሰነዶችን ጨምሮ ከባድ ጉድለቶችን አጋልጦ፣ ከውጭ አገር የሚደረግ ጉዲፈቻ እንዲቆም ሐሳብ አቀረበ።

ልብ ወለድ እናትና ልጅን በመጨረሻው ምዕራፍ ያገናኛል። የእኛ ልጆች ግን በእጃቸው ያለው አሮጌ ወረቀት ነው፤ አማርኛውን የሚያነብላቸው ይፈልጋሉ። ፖለቲካው ቢለያየንም ያንን ወረቀት ማንበብ አያቅተንም። አገር ቤት «ልጄ የት ደረሰ?» የምትል እናት የምትጠይቀው እኛንም ነው።