ጦርነቱን አሸነፉ፣ አገራቸውን ግን አጡ

ጊዜው እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 1946 ነው። ለንደን የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ድል በትልቅ ሰልፍ እያከበረች ነው። የብዙ አገር ወታደሮች ሲያልፉ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ጦርነቱ ከጀመረበት ቀን አንስቶ እስከ መጨረሻው የተዋጉት ፖላንዳውያን ግን ሰልፉ ውስጥ የሉም። ምን ሆኑ? እስቲ ከሥሩ እንየው።

ሂትለር ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ፖላንድን ከምዕራብ ወረረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የስታሊን ጦር ደግሞ ከምሥራቅ ገባ። አገሪቱ በወር ከምናምን ውስጥ ለሁለት ተቀራመቷት። መንግሥቷ ግን እጅ አልሰጠም፤ ተሰደደ። ወታደሩም በሩማኒያና በሃንጋሪ በኩል እየሾለከ ፈረንሳይ ገባ። በ1940 ፈረንሳይም ስትወድቅ ወደ ብሪታንያ ተሻገረ።

እንግሊዞቹ መጀመሪያ ላይ ብዙም አላመኗቸውም። ኦገስት 30 ቀን 1940 የ303ኛው ስኳድሮን ፖላንዳውያን ልምምድ ላይ ሳሉ፣ ሉድቪክ ፓሽኪየቪች የተባለው አብራሪ የጀርመን አውሮፕላን አየ። ለአዛዡ በሬዲዮ ተናገረ፤ መልስ የለም። ብቻውን ተነጥሎ ሄደና መትቶ ጣለው። በማግስቱ ስኳድሮኑ ወደ ውጊያ እንዲገባ ተፈቀደለት። በስድስት ሳምንት ውስጥ 126 አውሮፕላን እንደጣለ ተመዘገበለት። በኋላ አጥኚዎች ቁጥሩን ዝቅ ቢያደርጉትም፣ በዚያ የአየር ጦርነት ስሙ ከፊት ከሚጠሩት አንዱ ነው።

ሌላው ጦር የተወለደው እስር ቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ጄኔራል ቭላዲስላቭ አንደርስ ሞስኮ ውስጥ ሉቢያንካ በሚባለው እስር ቤት ታስሮ ነበር። በ1941 ሂትለር ዞሮ ሶቪየት ኅብረትን ሲወጋ፣ ስታሊን አጋር ፈለገና ፈታው። አንደርስም ከየካምፑ የወጡትን፣ የተራቡና የታመሙ ወገኖቹን ሰብስቦ ጦር አቋቋመ። በ1942 ሴቶችንና ሕፃናትን ጨምሮ ከ110 ሺሕ በላይ ፖላንዳውያን ወደ ኢራን ተሻገሩ። ወታደሮቹ ከዚያ በመካከለኛው ምሥራቅ አድርገው ጣሊያን ደረሱ። ሜይ 18 ቀን 1944፣ ሌሎች ደጋግመው ሞክረው ባልቻሉት ሞንቴ ካሲኖ ተራራ ላይ የፖላንድ ባንዲራ ተውለበለበ። ከ900 በላይ ፖላንዳውያን ሞተውበታል።

ከዚያ በኋላ ነው ዱብ ዕዳው የመጣው። በፌብሩዋሪ 1945 ያልታ ላይ ሩዝቬልት፣ ቸርችልና ስታሊን ተስማሙ። የፖላንድ ምሥራቃዊ ክፍል ለሶቪየት ኅብረት ሆነ። ከአንደርስ ወታደሮች ብዙዎቹ የተወለዱት ደግሞ እዚያው ነው። አስቡት፣ አንተ ለአጋርህ እየተዋጋህ ሳለ አጋርህ ቤትህን ለሌላ ሰው ይሰጥብሃል! እነሱ ግን ጠመንጃቸውን አልጣሉም፤ በኤፕሪል ቦሎኛ ከተማ ገቡ።

በጁላይ ብሪታንያና አሜሪካ በስደት ላለው መንግሥት ይሰጡ የነበረውን ዕውቅና አንስተው ዋርሶ ላለው፣ ስታሊን ለሚደግፈው መንግሥት ሰጡ። ለለንደኑ ሰልፍም ከፖላንዳውያኑ የተጋበዙት 25 አየር ኃይሎች ብቻ ነበሩ። እነሱም «ጓዶቻችን ካልተጠሩ እኛም አንገባም» ብለው ቀሩ። በዚያው ዓመት የዋርሶው መንግሥት የአንደርስን ዜግነት ገፈፈ።

እኛ ይህን ታሪክ ከሌላው ሰው በተሻለ መረዳት አለብን። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት በሱዳን በኩል ተመልሰው፣ በአርበኞችና በብሪታንያ ጦር ታግዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተዋል። ያቺን ቀን በየዓመቱ እናከብራታለን። ለፖላንዳውያኑ ግን እንዲህ ያለች ቀን በዚያ ጦርነት ማግስት አልመጣችም። አጋር ከጠላት ያድንህ ይሆናል፤ ጥቅሙ ሲለወጥ ግን ያንተ ቤት ዋጋ መክፈያ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ልፋታቸው ከንቱ ቀረ? በስደት የነበረው መንግሥት ዕውቅና የሚሰጠው ጠፍቶም እንኳ ለንደን ውስጥ ቆየ። ዲሴምበር 22 ቀን 1990 የመጨረሻው የስደት ፕሬዚዳንት ሪሻርድ ካቾሮቭስኪ ዋርሶ ሄደው፣ ይዘውት የኖሩትን የፕሬዚዳንትነት ምልክት በሕዝብ ለተመረጡት ለሌክ ቫውንሳ አስረከቡ። እኚህ ሰው ወጣት ሳሉ ሞንቴ ካሲኖ ላይ የተዋጉ ወታደር ነበሩ።

አንደርስ ይህን አላየም። በ1970 ለንደን ውስጥ ሞተ፤ የተቀበረው ግን ሞንቴ ካሲኖ፣ ከወታደሮቹ ጎን ነው።