ቶንሲል ሲጠና

በሰኔ የሰመራ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ይረባረባል፤ በማግስቱ ጉሮሮው ካበጠ ጥፋተኛው ውኃው ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎም ፍርዱ ያው ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ግን ቶንሲል አያስይዝም። የሚያስይዘው በሳልና በማስነጠስ፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት፣ ተጠጋግቶ በመተኛት ከሌላ ሰው የሚተላለፍ ተህዋስ ነው። ሕመሙ ቀናት ቆይቶ ስለሚነሳ የትናንቱ ውኃ ይወቀሳል እንጂ፣ ከቀናት በፊት ሲያስለው የነበረውን ጓደኛ ማን ያስታውሰዋል?

አብዛኛው የልጆች ጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ነው። ንፍጥ፣ ሳልና የድምፅ መጎርነን ካለ ወደዚያ ያደላል፤ አንቲባዮቲክ አይረዳውም። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 15 በሆኑት ላይ ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ያዘወትራል። ድንገተኛ ትኩሳት፣ መግል የቋጠረ ቶንሲል፣ ሲነኩት የሚያም የአንገት ንፍፊት ታያላችሁ፤ ሳል ግን የለም።

ይህም ቢሆን ባይታከም እንኳ ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይሻለዋል። ታዲያ ፔኒሲሊን የሚታዘዘው ለምንድን ነው? በዋናነት ለልብ ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ያዘጋጀው መከላከያ አንዳንዴ የገዛ ራሱን ልብ ጠላት አድርጎ ያጠቃል። ጉሮሮው ከዳነ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ትኩሳት ይመለሳል፣ የልብ በሮች ይጎዳሉ። ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን ሲመሠርቱ፣ በኋላም በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከሉ ሲከፈት፣ በር ካንኳኩት ልጆች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የታመሙ ናቸው።

ስለዚህ ትኩሳቱ በ3ኛው ቀን ቢበርድም፣ የታዘዘው ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን 10 ቀን ሙሉ ይወሰዳል። ለወንድሙ ይሁን ብሎ ማስቀረት የለም። ሌላው ምርጫ በጤና ተቋም የሚሰጥ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው፤ ከብቱን ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ ቤተሰብ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ልጅ ከሆነ አስቀድሞ መናገር ግድ ነው። ከተያዘ ቀናት አልፈዋልና ምን ያደርጋል አትበሉ፤ እስከ 9ኛው ቀን ቢጀመርም ልብን ይታደጋል።

የሚያስፈራው መግሉ ከቶንሲሉ ጀርባ ሲጠራቀም ነው። ልጁ አፉን መክፈት ያቅተዋል፣ ምራቁን መዋጥ ትቶ ያዝረበርባል፣ ድምፁ ይታፈናል፣ እንጥሉ ወደ አንድ ጎን ይገፋል። ይህ ሆስፒታል ይፈልጋል፤ ለሰመራ ዱብቲ ቅርብ ነው። እዚያ መግሉ ይቀዳል፣ መድኃኒቱ በደም ሥር ይሰጣል። አተነፋፈሱ ከከበደው ደግሞ ሰዓትም አይጠበቅ። በዚያ ሙቀት መዋጥ ያቃተው ልጅ ቶሎ ይደርቃል፤ ሽንቱ ከቀነሰ አደጋ ነው። በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ፤ ያ የተወገዘው ቀዝቃዛ ውኃም ሕመሙን ያስታግሳል።

እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ አሁንም አለ። እንጥል ከዚህ ሕመም ጋር ምንም የለውም፤ ምላጩ ግን ደም መፍሰስና ቴታነስ ያመጣል። ሐኪም ራሱ ቶንሲል ለማውጣት አይቸኩልም፦ በአንድ ዓመት 7 ጊዜ፣ ወይም ለ2 ዓመት በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም ለ3 ዓመት በየዓመቱ 3 ጊዜ ክፉኛ ከታመመ፣ ወይም ተኝቶ ትንፋሹ ከተቆራረጠ ነው ስለ ቀዶ ሕክምና የሚነጋገረው።