አክርማን ለይቶ ማወቅ ለነጋዴው ያለው ጥቅም

የመሶብና የሰፌድ ንግድ በአገራችን እጅግ የቆየ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ስፌትን የሚሸጥና ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ ሁሉ ዕቃው የተሠራበትን ሣር ለይቶ ያውቃል ለማለት አያስደፍርም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ አክርማ ጥቂት ቃል እናቀርባለን።

አክርማ ሳይዘራ በየክረምቱ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ለብዙ ዓመት የሚኖር የደጋና የወይና ደጋ ሣር ነው። በሳይንስ ኤሌውሲኔ ፍሎኪፎሊያ ይባላል፤ የኋለኛው ስም ትርጓሜ «ቅጠለ ባለ ሱፍ» እንደ ማለት ነው። መለያውም ይኸው ነው፤ በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ነጫጭ የሱፍ ብናኝ የመሰለ ጸጉር በየቦታው ይታያል። ራሱ የጣት አምሳል ያለው ሆኖ የዳጉሳን ራስ ይመስላል፤ ከዳጉሳ ጋር አንድ ወገን ነውና። ዳጉሳ ግን በየዓመቱ የሚዘራ ሲሆን፣ አክርማ ባንድ ሥር ተጠቃሎ ይከርማል።

አክርማን ከስንደዶ ጋር ማምታታት አይገባም። የስንደዶ ራስ ጸጉራም የሆነ አንድ ዘለላ ነው። በስፌት ሥራም ስንደዶ ውስጥ ውስጡን ሲሄድ፣ አክርማው ተሰንጥቆና ቀለም ተነክሮ በላዩ በወስፌ ይጠመጠማል። እንግዲህ ገዥው የሚያየው ውበት የአክርማው ነው።

ይህ ሣር የሚወደው ፀሐይ የሚያገኘውን ገላጣ የግጦሽ ሜዳና የመንገድ ዳር ነው። በአዊ ዞን የሚገኙት ዳንግላና እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላቸው ለአክርማ የሚስማሙ ናቸው። ነገር ግን ሜዳ በታረሰ ቁጥር ሥሩ ይጠፋል። በዚሁ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ለከሰል ሲል ብዙ መሬት በአካሽያ ዲከረንስ ዛፍ ሸፍኗል፤ ገበያውም ጠቅሞታል። ዳሩ ግን ጥቅጥቅ ባለ የዛፍ ጥላ ሥር የገላጣ ሜዳ ሣር አይለማም።

ነጋዴ ሁሉ ዋና ገንዘብንና ትርፍን ለይቶ ያውቃል። የአክርማ ሥር ዋናው ገንዘብ፣ አገዳው ትርፉ ነው። አገዳው ብቻ ቢመዘዝ ሥሩ ለከርሞ ይመልሳል፤ ሥሩ ከተነቀለ ግን ትርፉም ዋናውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ስፌት ገዥ ነጋዴዎቻችን ዕቃው በእውነተኛ አክርማ የተሠራ መሆኑን እንዲመረምሩ፣ ለሰፊዎቹም ተገቢውን ዋጋ እንዲከፍሉ እናሳስባለን። ሜዳው ዋጋ ያለው መሆኑን ባለቤቱ የሚያምነው፣ ከሜዳው የሚገኘው ሣር ገንዘብ ሲያወጣ ነው።