መብራቱ የት ይሰቀል?

ዛሬ የማነሣው የብርሃንን ብዛት ሳይሆን ብርሃኑ የሚቀመጥበትን ስፍራ ነው።

ዴንማርካዊው ፖል ሄኒንግሰን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባለ ሦስት ድርብርብ ሽፋን መብራት ሲቀርጽ፣ አምፖሉ ዓይን እንዳይወጋና የፋኖስ ለስላሳ ብርሃን እንዲመለስ ደክሟል። በአገሩ መብራት ዛሬም ብዙ ጊዜ ከማዕድ በላይ ዝቅ ብሎ ይሰቀላል፤ የክፍሉ ጥግ ለጨለማ ይተዋል። በጃፓን ግን ታኒዛኪ ጁኒቺሮ በ1933 ስለ ጥላ ውበት ቢጽፍም፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ቤቶችን ያዳረሰው ከጣሪያ መካከል የሚያበራው ነጭ የፍሎረሰንት መብራት ነው። ይህን የውበት ስሜት መጥፋት ብቻ አድርጌ አላየውም። በአንዱ የታታሚ ክፍል ይበላል፣ ይጠናል፣ ይተኛል፤ ብርሃኑም ወለሉን ሁሉ ማዳረስ ነበረበት።

የእኛ የገጠር ኩራዝ ከሁለቱም ይለያል፦ ከሰው ጋር ይዞራል። እናት ወደ ጓዳ ይዛው ስትገባ፣ የሚያጠናው ልጅ ከምድጃው ፍም ጋር ይቀራል፤ በኩራዝ የተማርን ይህን እናውቃለን። የሶላር አምፖል ግን በአንድ ስፍራ ይቸነከራል። በእንግዳ መቀበያው ከተሰቀለ፣ ወጥ የምትሠራው ሴት ከጢሱና ከኩራዙ ጋር ትቀራለች። ገጣሚው ባለሙያ «የት ልስቀለው?» ብሎ አባወራውን ብቻ ጠይቆ እንዳይሄድ እሰጋለሁ።